በመስኮቴ ያለፈችው ቀዝቃዛ ዕቃ

የሠራሁባት መስኮት በቅርቡ በብሎኬት ተደፈነች። ሁለት እጅ ጎን ለጎን የማታስገባ ጠባብ መስኮት ነበረች፤ የታችኛው ደፏ በሰው ክንድ ተፈትጎ ልስልስ ብሎ ነበር። እኔ ከውስጥ፣ ሕመምተኛው ከውጭ ሆነን ለሃያ ምናምን ዓመት የተቀባበልነው ሽንት ነው። ይህን ማንበብ የሚያሳፍረው ካለ ከአሁኑ ይተወው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለ ሽንት፣ ስለ ሲጋራና አንድ ሰው እኔ ዝም ባልኩበት ጊዜ ስላጡት ኩላሊት ነው።

አሁን በጤና ጣቢያው ከላብራቶሪው ጋር በግድግዳ የተያያዘ አዲስ ሽንት ቤት ተሠርቷል። ሰው ገብቶ ዕቃውን ይሞላል፣ ግድግዳው ውስጥ ባለች ሳጥን ያስቀምጣል፣ ባለሙያው ከወዲያ በኩል ይወስዳል። ስሙም በኮምፒውተር ታትሞ ይለጠፋል። ጥሩ ነው። የሰው ፊት የሚያይ የለም፤ ፊት አይቶ የሚያዳላም የለም። ይህን የምለው እኔ አዳልቼ ስለማውቅ ነው።

ሥራ የጀመርኩት በጽዳት ነው። ማታ ማታ እየተማርኩ ስድስተኛ ክፍል ደርሼ ነበር፤ ከዚያ ልጅ ወለድኩና ቀረ። የመጀመሪያ ቦታዬ የአንድ ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ነበር። አለቃዬ፣ የነርሶቹ ኃላፊ ሜትሮኗ፣ ወለሉ መጽዳቱን የምታረጋግጠው ነጭ ልብሷን እንደለበሰች ቁጭ ብላበት ነበር። ተነስታ ቀሚሷ ላይ አንዲት ነጥብ ካየች እንደገና ከጥግ እጀምራለሁ። ጠላኋት። በኋላ ግን የሀብታም ሚስት የተኛችበትንም፣ ከመንገድ የተነሳች ሴት የተኛችበትንም ክፍል ወለል እኩል እንደምትቀመጥበት አየሁና መጥላቴን ተውኩ። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም ነበር፤ እሱን ሁሉም ስለሚያውቀው ልለፈው።

ከዚያ ልደታ ውስጥ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። እዚያ ጋሽ ዘውዴ የሚባሉ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነበሩ። አጭር፣ ዝምተኛ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሰው ናቸው። ጠርሙስ እንዳጥብላቸው ተመደብኩ። ያኔ ሰው ሽንቱን የሚያመጣው ባገኘው ዕቃ ነው፦ በሽሮፕ ጠርሙስ፣ በሽቶ ብልቃጥ፣ አንዳንዱ በአረቄ ጠርሙስ። ጋሽ ዘውዴ እጠቢ ብቻ ብለው አልተዉኝም። ሥራቸውን አጠገባቸው አቁመው አሳዩኝ።

ዕቃው እንደመጣ ከሁሉ አስቀድመው በመዳፋቸው ከበብ አድርገው ይይዙታል። «ከሰው አሁን የወጣ ነገር ይሞቃል» አሉኝ። «ከቀዘቀዘ ወይ ውሎ አድሯል፣ ወይ የሌላ ሰው ነው። በሁለቱም ምርመራው ይዋሻል።» ቀጥሎ ስሙን ይጽፋሉ፤ ክዳኑ ላይ አይደለም፣ ዕቃው ራሱ ላይ፤ ክዳን ከክዳን ይለዋወጣልና። ከዚያ ከጀርባው የጋዜጣ ቁራጭ ያደርጉና ፊደሉ ይነበብ አይነበብ ያያሉ። አረፋውንም ይጠብቃሉ። የሁሉም ሰው ሽንት አረፋ አለው፤ ቶሎ ይጠፋል። የማይጠፋ፣ እንደ ሳሙና አረፋ ጠርዙን ይዞ የሚቀር ሲያዩ ቅንድባቸው ይነሳል። ግን አይናገሩም። ጫፏ ቀለም የተቀባች ቀጭን ወረቀት ይነክራሉ። ቢጫዋ ወደ አረንጓዴ ከዞረች ፕሮቲን አለ ማለት ነው። «አረፋው ጥርጣሬ ነው፤ የምጽፈው ወረቀቷ ያሳየችኝን ነው» ይሉ ነበር።

ስለ ሲጋራም መጀመሪያ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። አንድ ቀን አረንጓዴ የሆነች ወረቀት አሳይተውኝ «ይህ ሰው ያጨሳል» አሉ።

«ወረቀቷ ነገረችዎት?»

«ጣቶቹ ናቸው የነገሩኝ። ብጫ ሆነዋል። ወረቀቷ ሲጋራ አታውቅም።»

«ሲጋራ ሳንባ አይደል እንዴ የሚጎዳው? ኩላሊት ዘንድ ምን ወሰደው?»

«ደሙ ነዋ የሚወስደው። ኩላሊት ከፀጉር በቀጠኑ የደም ስሮች የተሠራ ወንፊት ነው። ሲጋራ የደም ስር ያጠባል፣ ያደድራል፣ ግፊት ይጨምራል። ወንፊቱ ሲጎዳ ሰውነት ውስጥ መቅረት ያለበት ነገር ወደ ሽንት ያልፋል። የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ሲያጨስ ደግሞ ይፈጥናል። ሳንባ ያስላል፣ ይናገራል። ኩላሊት ግን ብዙው እስኪያልቅ ዝም ይላል።»

ጋሽ ዘውዴ ሌላም ልማድ ነበራቸው። ቀዝቃዛ ዕቃ ሲመልሱ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ቃል ነው የሚናገሩት፦ «ይህ ቀዝቅዟል፤ አዲስ ያስፈልገኛል።» ለለማኝም፣ ከጠባቂ ጋር ለመጣ ባለሥልጣንም፣ በዚያው ድምፅ። ባለሥልጣኑ «እኔን ታውቀኛለህ?» ሲላቸው «ስምዎ ዕቃው ላይ አለ» ብለው ወደ ማይክሮስኮፓቸው ዞሩ። ሰውየው ገብቶ አዲስ አመጣ።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ መስኮቷን ለእኔ ተዉልኝ። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

በመስኮቷ ላይ ክፉ ነበርኩ፤ አልክድም። ከመድኃኒት ካርቶን ቁጥር ቆርጬ ወረፋ አበጀሁ። አንድ ጊዜ ኃላፊያችን ዘመዱን ከኋላ አምጥቶ «እማማ ሙሉ፣ ይችን ቶሎ» ቢለኝ ሠላሳ አራተኛውን ቁጥር ሰጠሁት። ለሁለት ሳምንት አላናገረኝም። እኔም አልናፈቀኝም። ሰው ሁሉ በእኔ ዘንድ እኩል ነው ብዬ እኮራ ነበር።

አሁን ጋሽ በላቸው ወዳልኳቸው ሰው ልምጣ። ይህ እውነተኛ ስማቸው አይደለም፤ ቀይሪው ያሉኝ ራሳቸው ናቸው። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። የሰፈራችን ዕድር ዳኛ ሆነው ነው ያረጁት። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ሦስቱን ቀን ከድንኳኑ አልወጡም። ወንበር የጎደለው ወንበር፣ ውሃ የጎደለው ውሃ እንዲያገኝ ከማለዳ እስከ ማታ ቆመው ዋሉ። ቀና ብዬ ማየት ሲያቅተኝ «አይዞሽ ሙሉ፣ እኛ አለን» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው አስካለ ደግሞ ጓደኛዬ ናት።

ደም ግፊት ተገኘባቸውና ወደ ጤና ጣቢያችን መጡ። ያኔ ያመጡት ሽንት ሞቃት ነበር፤ የራሳቸው ነበር። አረፋው አልጠፋም። ወረቀቷ አረንጓዴ ሆነች። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ቃል የማታባክን። ክፍሏ ከመስኮቴ ቀጥሎ ስለሆነ ስትናገር ሰማኋት።

«ያጨሳሉ?»

«ድሮ ነበር።»

«ድሮ ማለት?»

ወንበራቸው ሲንቋቋ ተሰማኝ።

«ጋሼ፣ መድኃኒቱ ወደ አንድ በኩል ሲጎትት ሲጋራው ወደ ሌላ በኩል ይጎትታል። ኩላሊትዎ ተጎድቷል፤ ገና ግን አልሞተም። አሁን ካቆሙ ልናቆየው እንችላለን። ከሦስት ወር በኋላ ሽንትዎን ዓይቼ እናወራለን።»

ይህ የመጨረሻው ነገር ነው ያጠፋቸው። እሷ ያለችው ጉዳቱ መቀነሱን ከሽንቱ አያለሁ ነው። እሳቸው የተረዱት ማጨስ አለማጨሳቸውን ከሽንቱ ታውቅብኛለች ብለው ነው። አርባ ዓመት ፋይል የጠበቀ ሰው ወረቀት ሁሉ ምስጢር የሚያወጣ ይመስለዋል። በሰፈሩም እንዲህ የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው፦ ምርመራ ማለት ፖሊስ ማለት ነው፤ ከተያዝክ ይፈረድብሃል። መርማሪው ያለው አንተን ሊይዝ ሳይሆን ኩላሊትህን ሊይዝልህ እንደሆነ የሚነግር የለም። እኔም አልነገርኳቸውም።

ሦስት ወሩ ደረሰ። ማለዳ ነበር፣ አግዳሚው ሞልቷል። መጀመሪያ ሰይድ መጣ። ሰይድ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ብረት የሚበይድ የወሎ ሰው ነው፤ ስኳር አለበት፣ ሲጋራውን በጆሮው ላይ ሰክቶ ነው የሚሄደው። ዕቃውን ተቀበልኩት፤ ቀዝቃዛ።

«ይህ ቀዝቅዟል፤ አዲስ ያስፈልገኛል።»

«እማማ፣ ከቤቴ ይዤው ነው የመጣሁት። ታክሲ ውስጥ በረደ።»

«ሻይ ነው እንዴ የሚበርደው? ሽንት ቤቱ ያውልህ።»

ሄዶ ተመለሰ። ጠብታ የለውም። ውሃ ሰጥቼ አስቀመጥኩት። እንደገና ገብቶ ጣት የማትሞላ ነገር ይዞ መጣ። መለስኩት።

«ሽንቴንም ወረፋ አስያዙት እኮ!» አለ ወደ አግዳሚው ዞሮ። ሰው ሳቀ። «ኧረ እማማ፣ ከብረት ነው የተፈጠሩት? ሥራ ጥዬ ነው የመጣሁት!»

«እኔም ሥራዬ ላይ ነኝ። ጠጣ።»

የሰደበኝን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም።

በዚህ መሐል ጋሽ በላቸው ገቡ። ኮት፣ ከረባት፣ ባርኔጣ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሦስት ሰዎች ተነስተው ቦታ ለቀቁላቸው። እሳቸው ግን ቀጥታ ወደ መስኮቷ መጡ። ዕቃው በንጹሕ መሐረብ ተጠቅልሎ ነበር።

«እንዴት አደርሽ ሙሉ? ልጆቹ ደህና?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ።»

መሐረቡን ፈትቼ በመዳፌ ከበብ አደረግኩት። ቀዝቃዛ። የጠዋት ቧንቧ ይመስል። እጄ እዚያው ቆመ። ቀና ስል ዓይናቸው እጄ ላይ ነው። ከኮታቸው የሲጋራ ሽታ መጣ፤ በላዩ ላይ የናና ከረሜላ።

አፌ ላይ ቃሉ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ከደቂቃዎች በፊት ለሰይድ ብያታለሁ። ድንኳኑ ታየኝ፤ ቆመው የዋሉበት ሦስት ቀን። እኚህን ሽማግሌ በሰው ፊት «ሽንትዎ የእርስዎ አይደለም» እላለሁ? ስማቸውን ጻፍኩ። ዕቃው ራሱ ላይ፣ በጥሩ ፊደል።

ከአግዳሚው ሰይድ ብርጭቆውን እንደያዘ ጠየቀ፦ «የጋሼስ ሞቆ ነበር እማማ?»

«አንተ የራስህን አስብ» አልኩት።

ጋሽ በላቸው ሳይዞሩ ወጡ።

የሰይድ ሽንት ከቀትር በፊት ሞቆ መጣ። አረፋው እንደ ሳሙና ጠርዙን ያዘ፤ ወረቀቷ አረንጓዴ ሆነች። ዶክተሯ ያንን የጆሮ ሲጋራውን ተቀብላ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። የጋሽ በላቸው ንጹሕ ሆነ፤ አረፋ የለ፣ ፕሮቲን የለ። ዶክተሯ ደስ አላት። «አቆሙ ማለት ነው» አለችኝ በበሩ ብቅ ብላ። የኩላሊት የደም ምርመራ ያኔ እኛ ዘንድ አይሠራም፤ ወደ ሌላ ቦታ ነው የሚላከው። ሽንቱ ጥሩ ስለሆነ ወደ ዓመቱ መጨረሻ አሻገረችው። አንገቴን ነቅንቄ ቀጣዩን ዕቃ ተቀበልኩ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ከሩቅ አየኋቸው፤ ባርኔጣቸው በበሩ ሲገባ። ያን ቀን ያደረግኩት ከመጀመሪያው የባሰ ነው። «ሳሙና ላምጣ» ብዬ መስኮቷን ለሌላ ሠራተኛ ትቼ ወደ ዕቃ ቤት ገባሁ። ያቺ ልጅ ዕቃ የመዳበስ ልማድ የላትም። በዕቃ ቤቱ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጬ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ዕቃውን እጄ እንዳይነካው ነው የሸሸሁት። ስመለስ ሄደዋል።

ከዚያ በኋላ የሰፈር ስብሰባ በመጣ ቁጥር እግራቸውን አይ ነበር። ሁሌም ቆመው የሚናገሩት ሰው መቀመጥ ጀመሩ። አንድ እሁድ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ሲያላሉ አየሁ። ካልሲው የያዘበት ቦታ ሰርጉዷል። የዓይናቸው ሽፋን አብጧል። «እንቅልፍ አጥቼ ነው» አሉ ለጠየቃቸው።

ነገሩ የወጣው በሽንኩርት መሐል ነው። ከልደታ ማርያም በታች ካለው ጉልት ከአስካለ ጋር ሽንኩርት ስንመርጥ ድንገት፦

«ሙሉ፣ የእኔ ውጤት ምነው ዘገየ?» አለችኝ።

«የምን ውጤት?»

«የሽንቴ ነዋ። ዶክተሯ የሚስትም ያስፈልጋል ብላለች ብሎ በላቸው ሁለት ጊዜ ወስዷል። እኔ እኮ ስኳር ይሆናል ብዬ እየሰጋሁ ነው። መጥፎ ከሆነ ንገሪኝ፣ አትደብቂኝ።»

በእጄ የያዝኩትን ሽንኩርት መልሼ አስቀመጥኩት።

«ያንቺ ጥሩ ነው» አልኳት። «ያንቺ በጣም ጥሩ ነው። እሳቸው የት ናቸው?»

«ዕድሩ ዕቃ ቤት ነው። ምነው ፊትሽ ተለወጠ?»

ዕቃ ቤቱ ድንኳንና ድስት የሚቀመጥበት የቆርቆሮ ክፍል ነው። ከጀርባው ስደርስ በድንኳን ጥቅል ላይ ተቀምጠው እያጨሱ ነበር። ሲያዩኝ ሲጋራውን እንደ ተማሪ ከኋላቸው ደበቁ። በሰባ ዓመታቸው።

«ጋሽ በላቸው፣ ተነሱ፤ ዶክተሯ ዘንድ እንሄዳለን።»

«ምን ሆነሻል?»

«ወረቀቷ ሲጋራ አታውቅም። የምታውቀው ኩላሊትዎን ነው። የሰጧት ግን የአስካለን ነው።»

ፊታቸው ባርኔጣው ሥር ጠቆረ። አልተቆጡም። ቢቆጡ በቀለለኝ። ተነስተው ከኋላዬ ተከተሉኝ፤ እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ሦስት ጊዜ ቆመው ትንፋሽ ወሰዱ።

እሳቸውን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ለዶክተሯ ሁሉንም ነገርኳት፤ የመጀመሪያዋንም ቀን፣ ዕቃ ቤት የተደበቅኩበትንም ቀን። ለረጅም ጊዜ አየችኝና «እማማ ሙሉ፣ እኔ እኮ የማምነው የእርስዎን እጅ ነበር» አለች። ደማቸው ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ ከኩላሊታቸው የቀረው ጥቂት ነበር፤ ከወራት በኋላ እሱም አለቀ። ዶክተሯን ጠየቅኳት፦ ያን ቀን መልሼያቸው ቢሆን ይተርፍ ነበር ወይ? «ላይተርፍ ይችል ነበር» አለች። «ይቆይ ይሆን ነበር። ሲጋራውን አቁመው፣ መድኃኒቱን አስተካክለን ዓመታት ልናገኝ እንችል ነበር። እርግጠኛ መሆን ግን አልችልም።» ዋሽታ ብታጽናናኝ አልወድም ነበር። እርግጠኛ አለመሆኗ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

አሁን በሳምንት ሁለት ቀን የኩላሊት እጥበት ያደርጋሉ። ሲጋራውን ትተዋል፤ ከረሜላውንም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በአንዱ ቀን አስካለ እንድታርፍ እኔ አብሬያቸው እሄዳለሁ። በቀይ ቱቦ ደማቸው ይወጣል፣ ማሽኑ ያጣራል፣ ይመለሳል። ከጎናቸው ጋቢያቸውን ይዤ እቀመጣለሁ። ለዶክተሯ ምን እንደነገርኳት ያውቁ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ዕቃው ቀዝቃዛ እንደነበር አውቄ ነበር።»

ዓይናቸውን አልገለጡም። «እጅሽ ሲቆም አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅኩ። ክፉ ናት ሲሉሽ እሰማ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ? እንድትመልሺኝ ፈልጌ ነበር። ለራሴ ማቆም ስላቃተኝ አንድ ሰው ይያዘኝ ብዬ።»

ማሽኑ ጮኸ። ነርሷ መጥታ ቁልፍ ነካ አድርጋ ሄደች።

«ያ በብርጭቆ ውሃ ይጠጣ የነበረው ሰውዬ» አሉ። «ደጋግመሽ የመለስሽው።»

«ሰይድ።»

«እንዴት ሆነ?»

«ሲጋራውን በብስጭት ተወው። ኩላሊቱ ባለበት ቆሟል፤ በየሦስት ወሩ እየሞቀ ያመጣል። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሰድበኛል።»

«ምን ይላል?»

«‹እማማ፣ ዛሬስ የማንን ሽንት መለሱ?› ይላል፤ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ፣ ሰው መሐል።»

ሳቅ ብለው ሳል ያዛቸው። ጋቢውን እስከ ትከሻቸው ሳብኩላቸው። ሳሉ ሲያልፍ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔንም መልሰሽኝ ቢሆን እሰድብሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ዕድር ላይ አላናግርሽም ነበር። ምናልባት አንድ ዓመት።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ብሰድብሽ ይሻለን ነበር፣ ሙሉ።»

«አዎ» አልኳቸው፣ «ይሻለን ነበር።»

ቀና ብዬ ማሽኑን አየሁ። ለመጨረስ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረው ነበር።